ኪስ የሚገቡ አራት የድሮ ፊልም ካሜራዎች፦ የትኛው ለማን?

የድሮ ፊልም ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን እኔም ሁለት ነገር ልጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ የምታነሱት በምን ዓይነት ብርሃን ነው? ካሜራው ሲበላሽስ የሚጠግነው ሰው ይገኛል? ስለ ሌንስ ጥራት ሲወራ ውሎ ያድራል። እነዚህ ሁለቱ ግን ብዙም አይነሱም። ገዢውን ከዓመት በኋላ የሚያስደስቱትም የሚያስቆጩትም እነሱ ናቸው ባይ ነኝ።

አራት ካሜራ መርጫለሁ። በ1966 የወጣው ሮላይ 35፣ በ1967 የወጣው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35፣ በ1979 የወጣው ኦሊምፐስ ኤክስኤ እና በ1997 የወጣው ኦሊምፐስ ሚዩ 2። ሦስቱ ከአንድ ኩባንያ መሆናቸው ለአድልዎ አይደለም። ኪስ የሚገባ ካሜራ ሲነሳ ኦሊምፐስን ማለፍ ስለማይቻል ነው። አራቱም የሚሠሩት በተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። አንዳቸውም ዙም የላቸውም። የትሪፕና የሮላይ ሌንስ 40 ሚሊ ሜትር፣ የሌሎቹ ሁለቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው፣ ጠረጴዛ የከበበ ጓደኛ፣ ግቢ ውስጥ የሚሯሯጥ ልጅ፣ ሁሉም በዚህ ልክ ይገባል። ፊት ብቻ ከሩቅ ጎትቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ግን ከእነዚህ ውስጥ ባይፈልግ ይሻለዋል።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ቀድሜ ላብራራ። ፊልሙ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሌንሱ ውስጥ ያለው የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ነው፤ አፐርቸር ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ 2.8 ሰፊ ነው፣ 22 ጠባብ። ሁለተኛው ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከለክለው መዝጊያ፣ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ርቀቱን ማስተካከል አለ፤ ፎከስ ማለት ነው። አራቱ ካሜራዎች የሚለያዩትም ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች የቱን ለእናንተ ትተው የቱን ራሳቸው እንደሚሠሩ ነው።

ትሪፕ 35፦ ባትሪ የማያውቀው

ከትሪፕ ልጀምር፤ ከአራቱ ለመረዳት በጣም ቀላሉ እሱ ነው። ሌንሱን የከበበ ፍንጥርጥር ያለ ቀለበት አለው። ከቀለበቱ ስር ሴሌኒየም የሚባል ነገር አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ መርፌ ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌዋ ደግሞ ስንት ቀዳዳ መከፈት እንዳለበት ትወስናለች። በቃ፣ ባትሪ የለም። ባትሪ መግዛት፣ ባትሪ አለቀ ማለት፣ ባትሪ ፈሶ ውስጡን በላው ማለት የሚባል ነገር የለም።

የሻተር ፍጥነቱ ሁለት ብቻ ነው፦ የሰከንድ አንድ አርባኛ እና አንድ ሁለት መቶኛ። የቱን እንደሚጠቀም የሚመርጠው ካሜራው ነው። የእናንተ ሥራ ርቀት መገመት ነው። ሌንሱ ላይ አራት ሥዕሎች አሉ። አንድ ራስ ያለበት 1 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰው ያለበት 1.5 ሜትር፣ ብዙ ሰው ያለበት 3 ሜትር፣ ተራራ ያለበት ደግሞ ለሩቅ። ሕፃን ልጅ እንኳ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ይህ ካሜራ ካሉት ነገሮች ሁሉ እኔ የምወድለት ቀዩን ባንዲራ ነው። ብርሃኑ የማይበቃ ከሆነ የሻተሩን ቁልፍ ስትጫኑ ማነጣጠሪያ መስኮቱ ውስጥ ከስር ቀይ ነገር ብድግ ይላል፣ ቁልፉም አልጫን ይላል። ያ ፎቶ አይነሳም፤ ፊልሙም አይባክንም። አንድ ጥቅል ውስጥ 36 ፎቶ ብቻ እንዳለ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያው መስኮት ጥግ ላይ ደግሞ የመረጣችሁትን ሥዕልና አፐርቸሩን የምታሳይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ካሜራውን ከዓይናችሁ ሳታወርዱ ተራራው ላይ ረስታችሁት እንደሆነ ታያላችሁ።

ግን ልብ በሉ፣ ያ ባንዲራ ማታ ቤት ውስጥ ጠላት ይሆናል። የፊልም ፍጥነት የሚባለው ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ትሪፕ ከ400 በላይ የፊልም ፍጥነት አይቀበልም፤ ከአንድ አርባኛ ሰከንድ በላይም አይዘገይም። ስለዚህ ተራ አምፖል በበራበት ክፍል ውስጥ 400 ፊልም ብትጨምሩበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። አናቱ ላይ ፍላሽ ማስገቢያ አለው፤ ከአፐርቸር ቀለበቱ ላይ ቁጥር በእጅ መርጦ በፍላሽ ማንሳት ይቻላል፤ ግን ያኔ ኪስ የሚገባ ካሜራ መሆኑ ይቀራል። በተቃራኒው ጠራራ ፀሐይ ላይ 400 ፊልም ለትሪፕ ጫፍ ላይ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ይበዛበታል። ኔጋቲቭ ፊልም፣ ማለትም ሲታጠብ ብርሃኑ ጨለማ ሆኖ የሚወጣው የተለመደው ፊልም፣ ያንን ይችላል፤ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ የምታነሱ ከሆነ ግን 200 ይስማማዋል።

ሌንሱ ባለ አራት መስታወት ነው፤ ቀዳዳው እስከ 2.8 ይሰፋል፤ ከአፐርቸር 5.6 በላይ ላይ በጣም ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል። ክብደቱ 400 ግራም ገደማ ነው። ኪስ ይገባል ስል የኮት ኪስ ማለቴ ነው፤ ሱሪ ኪስ ውስጥ ይጎረብጣል።

ሮላይ 35 እና ኤክስኤ፦ ሁለቱን ማወዳደር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው

ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለት መካከል ነው። ሁለቱም ጥቃቅን ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው አሳብ የተሠሩ ካሜራዎች ናቸው። የሮላይ ንድፍ የጀርመናዊው ሃይንዝ ቫስከ ነው፤ የኤክስኤው የጃፓናዊው ዮሺሂሳ ማይታኒ። ማይታኒ በ1959 ፔን የምትባለውን በአንድ ጥቅል እጥፍ ፎቶ የምታነሳ ካሜራ የነደፈ ሰው ነው። ትንሽ ካሜራ ነገሩ ነበር።

ሮላይ 35 እጅ ላይ ሲገባ ከመጠኑ ይከብዳል። 370 ግራም ይመዝናል፤ ብረትና መስታወት ነው። ሁሉ ነገር በእጅ ነው። ፊቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ መቆጣጠሪያ አለ፤ አንዱ የሻተር ፍጥነት፣ አንዱ አፐርቸር። የሻተር ፍጥነቱ ከግማሽ ሰከንድ እስከ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ይሄዳል። አናቱ ላይ የብርሃን መለኪያው መርፌ ይታያል። ካሜራውን ደረት ላይ እንደያዛችሁ ወደ ታች አይታችሁ ሁለቱን መርፌዎች ታጋጥማላችሁ፣ ከዚያ ቀና አድርጋችሁ ትጫናላችሁ። ባትሪ የሚያስፈልገው ለዚያ መለኪያ ብቻ ነው። ባትሪው ቢያልቅ ካሜራው በሁሉም ፍጥነት ይሠራል፤ ብርሃኑን በዓይን መገመት ነው የሚቀረው።

የራሱ ጠባይ አለው። ሌንሱን ወደ ውጭ ስባችሁ፣ ጠምዝዛችሁ እስኪቆልፍ ድረስ ካላዞራችሁት ፎቶው አይጠራም። መልሳችሁ ስታስገቡት ደግሞ ሻተሩ የተወጠረ መሆን አለበት፤ ማለትም ፊልሙን ወደፊት ስባችሁ፣ ቁልፏን ተጭናችሁ፣ ጠምዝዛችሁ ነው የምታስገቡት። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚገፋ ሰው ካሜራውን ይሰብረዋል። ፊልም መሳቢያው በግራ እጅ ነው። ፍላሽ ማስገቢያው ከስር ነው፤ እንዳለ ብትጠቀሙበት ጥላው ወደ ላይ ስለሚወድቅ ካሜራውን ገልብጦ መያዝ ያስፈልጋል። የብርሃን መለኪያውም ማጥፊያ የለውም፤ ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ባትሪ ይበላል፤ ስለዚህ ማኅደሩ ውስጥ መዋል አለበት። ባትሪው ያለው ደግሞ ፊልሙ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነው። ፊልሙ ሳያልቅ ባትሪው ቢያልቅ ጀርባውን ከፍታችሁ መቀየር አትችሉም፤ ፊልሙ ይቃጠላል።

እንዲህ ሁሉ ሆኖም ሮላይን የሚወዱ ሰዎች አይፈረድባቸውም። ምክንያቱም ሌንሱ ነው። የመጀመሪያው ሮላይ ሌንስ ቴሳር የሚባለው 3.5 ነው፤ በ1974 የመጣው 35 ኤስ ደግሞ ሶናር የሚባል 2.8 ሌንስ አለው። አፐርቸሩ 5.6 ወይም 8 ላይ ሆኖ ርቀቱ በትክክል የተገመተ የሮላይ ፎቶ ትልቅ ወረቀት ላይ ሲታተም የልብስ ክር ይቆጠራል። ችግሩ "በትክክል የተገመተ" የምትለዋ ነገር ናት።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። በ40 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ 3.5 ላይ ሆኖ፣ 1.5 ሜትር ላይ ያለ ሰው ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ1.4 ሜትር ትንሽ ቀደም ብሎ እስከ 1.65 ሜትር ገደማ ያለው ብቻ ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ቢለጠጥ ከፎከስ ወጣ። ቀን ላይ ግን፣ አፐርቸሩን 8 አድርጋችሁ ርቀቱን 5 ሜትር ላይ ብትተዉት፣ ከ3 ሜትር ጀምሮ ብዙውን ነገር ትይዛላችሁ። ስለዚህ ሮላይ ለቀን መንገድ የተመቸ ነው፤ ለምሽት ፊት ለፊት ጨዋታ ግን ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ኤክስኤ እዚህ ጋ ነው የሚበልጠው። ርቀት አያስገምታችሁም። ማነጣጠሪያ መስኮቱ መሃል ላይ ቢጫ መሰል ትንሽ አራት ማዕዘን አለ። እሱ ውስጥ የምታነሱት ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንድ ዓይን ሁለት ቅንድብ እንዳለው ያህል። ከሌንሱ ስር ያለችውን ምላስ በጣት ወዲህ ወዲያ ስታደርጉ ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፣ ይደራረባሉ፣ አንድ ይሆናሉ። አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ልክ ነው፤ ጥርጥር የለውም። ይህ ነገር በትልልቅና ውድ ካሜራዎች ላይ የነበረ ነው፤ ማይታኒ 225 ግራም በሚመዝን ካሜራ ውስጥ አስገባው። ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ፎከስ ያለው ካሜራ ፈልጉ፤ ጥቂት ነው የምታገኙት።

አፐርቸሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ከ2.8 እስከ 22። የሻተር ፍጥነቱን ካሜራው ይመርጣል፣ ከ10 ሰከንድ እስከ አንድ አምስት መቶኛ። ምን እንደመረጠም መስኮቱ ውስጥ በግራ በኩል በመርፌ ያሳያችኋል። ለእኔ ትክክለኛው የሥራ ክፍፍል ይህ ነው። ከበስተኋላ ያለው ደብዘዝ ይበል ወይስ ጥርት የሚለውን ሰው ይወስናል፣ ሒሳቡን ማሽኑ ይሠራል። ከስር ያለችው ትንሽ ዘንግ ደግሞ ሦስት ሥራ አላት፦ ባትሪ መፈተሽ፣ ራስን ለማንሳት ጊዜ መስጠት፣ እና ከኋላው ፀሐይ ያለበትን ሰው ፊት እንዳይጨልም ብርሃን በአንድ ተኩል ደረጃ መጨመር (አንድ ደረጃ ማለት እጥፍ ብርሃን ነው)። ብዙ የኤክስኤ ባለቤት ይህችን የመጨረሻዋን ሳያውቅ ዓመት ይቀመጣል፤ ከመስኮት ፊት የቆመ ሰው ስታነሱ ሞክሯት።

የሌንሱ መከላከያ ራሱ የካሜራው አካል ነው። ወደ ጎን ስትገፉት ይከፈታል፣ ካሜራውም ይነሳል። ስትዘጉት ይጠፋል። ክዳን መጣል የለም፣ ማኅደር የለም፣ ኪስ ውስጥ ይጨመራል አለቀ።

ጉድለት የለውም አልልም። ቀይዋ የሻተር ቁልፍ በጣም ስስ ናት፤ በኤሌክትሪክ ነው የምትሠራው፣ የተጫናችሁት ሳይመስላችሁ ፎቶ ታነሳለች። ገና እያስተካከላችሁ ሳለ ፎቶ ሊያመልጣችሁ ይችላል። መፍትሔው ጣትን ዳር ላይ ማሳረፍና ሲፈለግ ብቻ ወደ መሃል ማምጣት ነው። ሁለተኛ፣ አፐርቸሩ 2.8 ላይ ሲሆን የፎቶው አራት ጥግ ይጨልማል። እኔ እወደዋለሁ፤ ዓይንን ወደ መሃል ይስባል። ካልወደዳችሁት 5.6 ላይ አንሱ። ሦስተኛውና ከባዱ ባትሪ ነው፤ ያለ ባትሪ አንዲት ፎቶ አያነሳም። እንደ ዕድል ሆኖ የሚፈልገው በየቦታው የሚገኙትን ሁለት ትንንሽ ኤልአር44 ባትሪዎች ነው። በእነሱ ፋንታ ኤስአር44 የሚባሉትን ብታገኙ ኃይላቸው እስከ መጨረሻው ስለማይዋዥቅ የተሻሉ ናቸው።

ሚዩ 2፦ ምርጥ ካሜራ፣ አስጊ ግዢ

ስለ ሚዩ 2 ክፉ ማውራት ይከብዳል። 135 ግራም ነው። ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር፣ 2.8። ትከፍቱታላችሁ፣ ትጫናላችሁ፣ ፎከሱን ራሱ፣ ብርሃኑን ራሱ፣ ፍላሹን ራሱ ይሠራል፤ ፊልሙንም ራሱ ይስባል፣ ሲያልቅም ራሱ ይጠቀልላል። እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሳል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከ85 ሳንቲ ሜትር በታች አይወርዱም። ካፊያ ቢመታው አይደነግጥም፤ ውኃ ውስጥ ግን አይገባም። ለጓደኛ ሰጥታችሁ "እስቲ አንሳን" የምትሉት ካሜራ ከአራቱ እሱ ብቻ ነው።

የሚያናድድ ነገሩ ፍላሹ ነው። ፍላሽ አልፈልግም ብላችሁ ብታጠፉትም ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይረሳል። እንደገና ቁልፏን ደጋግሞ መጫን ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ረስታችሁ ስትጫኑ ሰው ሁሉ ይዞራል። የፊልሙን ፍጥነትም በእጅ አትነግሩትም፤ ጥቅሉ ላይ ካለው ጥቁርና ብር መሰል ኮድ ራሱ ያነባል። ኮድ የሌለው ፊልም ከጨመራችሁ 100 ነው ብሎ ይወስዳል። አንዳንድ አነስተኛ አምራቾች ኮድ የሌለው ጥቅል ስለሚሸጡ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቅሉን እዩ።

እውነተኛው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሚዩ 2 ከላይ እስከ ታች ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሞተሩ፣ ፎከሱ፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም። አንዱ ከሞተ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ የሞተ ሚዩ 2 ነው። ብዙ ጠጋኝ ከነጭራሹ አይቀበለውም። ዋጋው ደግሞ ስሙ እየገነነ በሄደ ቁጥር አብሮ ወጥቷል። በርካሽ ዋጋ ቢሆን ኖሮ እስኪሞት እንጠቀምበት ይባል ነበር። በውድ ገዝቶ ነገ ሊጠፋ የሚችል ነገር መያዝ ግን ቁማር ነው። በ1990 ስለወጣው ኮንታክስ ቲ2 ለሚጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው። ሌንሱ ድንቅ ነው፣ ቲታኒየም አካሉ ያምራል፤ ግን የሚሠራው ኩባንያ ኪዮሴራ በ2005 ከካሜራው ሥራ ወጥቷል፤ ገንዘቡ ደግሞ ሦስት አራት ኤክስኤ ይገዛል።

ጥገና ላይ አራቱን ስናሰልፍ እንዲህ ነው። ትሪፕ እንደ ሰዓት በብሎንና በጥርስ የተሠራ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ከፍቶ ያጸዳዋል፤ ለመለዋወጫ የሚሆን ሌላ ትሪፕም ሞልቷል። ሮላይም ይጠገናል፤ ውስጡ ግን እጅግ የተጠጋጋ ስለሆነ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፤ ለጥገናውም ገንዘብ ይጠየቅበታል። ኤክስኤ መሃል ላይ ነው፤ የፎከሱ ክፍል ይስተካከላል፣ የባትሪ መያዣው ይጸዳል፣ የኤሌክትሪኩ ሰሌዳ ከሞተ ግን ሞተ። ሚዩ 2ን ተናግሬአለሁ።

ስለ ሮላይ ባትሪ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጮች አይናገሩትምና። የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል። አሁን በዚያው መጠን የሚሸጠው 1.5 ቮልት ነው። እሱን ስትጨምሩ መለኪያው ካለው በላይ ብርሃን ያለ ይመስለዋል፤ ፎቶው ይጨልማል። ኔጋቲቭ ፊልም ደግሞ ብርሃን ሲበዛበት ይችላል እንጂ ሲያንሰው አይችልም። ስለዚህ ለመስማት ችግር መርጃ መሣሪያ የሚሸጠውን የዚንክ-አየር ባትሪ ከመሙያ ቀለበት ጋር ተጠቀሙ፤ ቮልቱ ከድሮው ጋር ይቀራረባል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሁሉንም የሚመለከት ነገር አለ። ጀርባውን ክፈቱና ሌንሱን በብርሃን አሳልፋችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ጥቂት አቧራ ምንም አያደርግም። በሩ ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ብርሃን ያስገባል፤ ይህ ግን በቤት የሚቀየር ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት እንጂ ግዢውን አትሰርዙ። ከትሪፕ በቀር፣ የባትሪ ክፍሉ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ግን ተጠንቀቁ።

ትሪፕን ለመፈተን ማንም ሰው አይቸገርም። ፊልም ማዞሪያውን አዙሩ፣ የአፐርቸር ቀለበቱን አውቶማቲክ ላይ አድርጉ፣ ሌንሱን በመዳፍ ሸፍናችሁ ተጫኑ። ቀዩ ባንዲራ ተነስቶ እምቢ ካለ ጥሩ። አሁን ወደ መስኮት አዙራችሁ ተጫኑ፤ ቢያነሳ ሴሌኒየሙ ሕያው ነው። ሸፍናችሁትም ካነሳ፣ ወይም ፀሐይ ላይም እምቢ ካለ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢል አትግዙ። ክዳኑ ላዩ ላይ ሆኖ የተቀመጠ ትሪፕ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ፤ ሴሌኒየም ዘመኑን ሙሉ ብርሃን ላይ ከዋለ ይደክማል።

ሮላይ ላይ የሌንሱን ቱቦ አውጥታችሁ በቀስታ ነቅንቁ። መወላወል የለበትም። ከዚያ ግማሽ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። ዘገምተኛው ፍጥነት የሚንተባተብ ከሆነ ውስጡ ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው፤ የጥገናውን ወጪ አስባችሁ ተከራከሩ።

ኤክስኤ ላይ የራሳችሁን ሁለት ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። የስሯን ዘንግ መፈተሻው ላይ አድርጉ፤ መብራትና ድምፅ መኖር አለበት። አፐርቸሩን 22 አድርጋችሁ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ተጫኑ። ሲከፈት አንድ "ጭ" ይላል፣ ቆይቶ ሲዘጋ ሌላ። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስትደግሙት ሁለቱ ድምፆች መገጣጠም አለባቸው። ከዚያ ቢጫውን አራት ማዕዘን እዩ። በጣም ከደበዘዘ ማታ አይረዳችሁም፤ ምንም ካልታየ ደግሞ የከፈላችሁበት ዋናው ነገር የለም ማለት ነው። በመጨረሻም ሩቅ ያለ ግንብ ላይ አነጣጥራችሁ ምላሷን ጫፍ ድረስ ውሰዷት፤ ሁለቱ ምስሎች በትክክል መደራረብ አለባቸው።

ሚዩ 2 ላይ የምትፈትኑት ጥቂት ነው፤ ባትሪው ሲአር123ኤ የሚባለው ነው። ፍላሹ ይበራል? ሞተሩ ፊልም ይስባል? በሩ በደንብ ይቆለፋል? ከተቻለ ርካሽ ፊልም ጨምራችሁ እስከ መጨረሻው አስኬዱት፤ መጠቅለሉንም ያኔ ታያላችሁ። መመለሻ ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ ግን ይህን ካሜራ አትግዙ።

እንግዲህ የቱን?

ቀን ቀን የምታነሱ፣ መጨነቅ የማትፈልጉ፣ ባትሪ ፍለጋ የማትወዱ ከሆነ ትሪፕ። ለመጀመሪያ ፊልም ካሜራነትም እሱን ነው የምመክረው። ሮላይን የምመክረው ሌላ ካሜራ ኖሮት ብርሃንና ርቀት በዓይኑ መለካት ለሚወድ ሰው ነው። ሚዩ 2 ቤተሰብና ድግስ ለሚያነሳ፣ በፍላሽ ለሚሠራ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ ለማይጎዳ።

ለቀረው ሰው ሁሉ ኤክስኤ። ቀንም ማታም ይሠራል፣ በየቀኑ ኪስ ውስጥ ይውላል፣ ፎከሱ አይዋሽም፤ ዋጋውም ከስሙ በታች ነው። ለመንደርደሪያ የሚከብድ ከመሰላችሁ በ1980 የወጣ ኤክስኤ2 አለ። ቅርፁ ያው ነው፤ ሌንሱ 3.5 ነው፤ ለርቀት ሦስት ምልክት ብቻ አለው፣ ሌላውን ራሱ ይሠራል። ክዳኑን ስትዘጉ ርቀቱ ወደ መካከለኛው ምልክት ይመለሳል፤ ስለዚህ አውጥቶ ወዲያው ለማንሳት ከታላቅ ወንድሙ ይፈጥናል። በርከስ ያለ ዋጋም ይገኛል። አዲስ፣ ዋስትና ያለው ነገር ካልሆነ አልገዛም የሚል ሰው ደግሞ በ2024 የወጣውን ፔንታክስ 17 ይመልከት፤ ከአንድ ባለ 36 ጥቅል 72 ትንንሽ ፎቶ ያወጣል።

የቱንም ብትገዙ የመጀመሪያውን ፊልም ለከበረ ነገር አትጠቀሙበት። አንድ 400 ኔጋቲቭ ጨምሩ። ግማሹን ደጅ፣ ግማሹን ጥላ ውስጥ አንሱ። ጥቂቱን በቅርብ፣ ጥቂቱን በሩቅ። የትኛውን በምን ርቀትና በምን አፐርቸር እንዳነሳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሲታጠብ ኔጋቲቩን ራሱን ተቀበሉ፤ ስካኑ ብቻ አይበቃም፤ ስካን የሚያደርገው ማሽን የጨለመውን አንስቶ የነጣውን አውርዶ የካሜራውን ችግር ይሸፍናል። ኔጋቲቩ በየፎቶው ስስ ሆኖ ከወጣ መለኪያው ብርሃን እያሳነሰ ነው፤ ጥቁር ጭረት ከጎን ገብቶ ካያችሁ ስፖንጁ ነው። ይህን መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አድርጉት።